ከሰዓት በኋላ የሚደክም ባትሪ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ነጩ መኪና ዛሬም አልነሳም አለ። ቁልፉን ሳዞር ቸክ ቸክ... ከዚያ ዝም። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። የጎረቤት ሾፌር በኬብል አስነሳልኝ። ትምህርት ቤት ስንደርስ ሰልፍ አልቆ ነበር።

ማዳም ጮኸች። ድሮ ሲጮሁብኝ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ስል እውል ነበር። አሁን ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ሬዲዮ ይመስለኛል። ዐረብ አገር፣ ረያን ከተማ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ይሆን ይሆናል... እንጃ።

ባባ፣ የማዳም ባል፣ ከሥራ ሲመጣ ኮፈኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋው። ምን እንዳየ እሱ ነው የሚያውቀው።

"ጀውሀር፣ ከሰዓት መኪናው ውስጥ ትቀመጣለህ? ሬዲዮ? ኤሲ?"

"አልቀመጥም ባባ። ከሰዓት እተኛለሁ።"

አላመነኝም። እውነቴን ነው ግን። ልጆቹን ከትምህርት ቤት መልሼ መኪናውን ጥላው ሥር አቆማለሁ፣ ቁልፉን ኩሽና በር ላይ ያለው ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ (የማዳም ሕግ ነው፣ ቁልፍ ሾፌር ኪስ አይውልም)፣ ምሳዬን በልቼ እተኛለሁ። ማታ በባባ መኪና ነው የሚወጡት። ነጩ እስከ ጠዋት ንቅንቅ አይልም።

ቆሞ እየዋለ ምን ይበላዋል?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አዲስ ባትሪ ተገዛ። ባባ ዋጋውን ሁለቴ ነገረኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን በደንብ ተነሳ። አረፍኩ ብዬ ነበር። ዛሬ እንደገና ቸክ ቸክ። በአዲስ ባትሪ!

ማዳም ለባባ፣ ባባ ለኔ፣ እኔ... ለማን ልናገር? ለፀዳለ ተናገርኩ። ፀዳለ የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ መጥታ ሁለት ዓመቷ ነው። የኩሽናውና የኔ ክፍል ግድግዳ አንድ ነው፤ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ጋሽ ጀውሀር፣ መኪናህም እንዳንተ እንቅልፋም ሆነች" ብላ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ ዝም ብላ ምሳዬን ሰጠችኝ። ሥጋው በዛ። ምነው ስላት "ብላ ዝም ብለህ" አለች።

አገር ቤት፣ ቢስቲማ ደወልኩ። ወንድሜ ፈታህ አነሳ። እማየን አቅርባት ስለው "ጉንፋን ይዟታል ጋሼ፣ ድምጿ ተዘግቷል።" ባለፈው ደግሞ ጎረቤት ሄዳለች ነበር ያለኝ። ከዚያ በፊት ተኝታለች። ከዚህ ልጅ ጋር ስልክ ማውራት ግድግዳ መግፋት ነው።

መስከረም ላይ የላከችልኝ ድምፅ አለ። መልሼ ሰማሁት። "ጀውሀር፣ እማየ ነኝ። ዛሬ ዘንቦ አደረ። ላሚቱ ወለደች፣ ወይፈን ነው። በልተሃል? ሥራ ላይ ከሆንክ አትመልስ ልጄ። ዝም ካልክ ደህና ነው ብዬ እተኛለሁ።"

አልመለስኩላትም ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። ለማንኛውም ኢጃዛዬ፣ አገር የምገባበት ፈቃዴ፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። አራት ዓመት አላየኋትም። ፊት ለፊት ነው የምመልስላት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሰናዒያ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ በሽር ዘንድ ሄድኩ። በሽር የአገሬ ልጅ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪሻን። አብረን ነው የመጣነው። እሱ ጋራዥ ገባ፣ እኔ መሪ ያዝኩ።

ባትሪውን ለካ፦ ደህና። ሞተሩን አስነስቶ ዲናሞውን ለካ፦ ደህና፣ ባትሪውን ይሞላል። ማስነሻው ሞተሪኖ ደህና። ከዚያ ሁሉንም አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ላይ ቴስተር አስገብቶ ቆሞ የሚያፈስ ነገር ካለ አየ። የለም። ሰዓቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አይበላም።

"እንግዲያ ለምን አይነሳም?"

"እኔ ጋ ሲቆም ጤነኛ ነው። እናንተ ጋ ሲቆም ነው የሚታመመው።" ትንሽ አሰበ። "ማታ ማታ ኔጋቲቩን ንቀለው። ጠዋት ትመልሰዋለህ። ሌሊት የሚያፈስ ከሆነ ይለይልናል።"

ልከፍለው ስል እጄን መለሰው። በሽር! ከወንድሙም ሒሳብ የሚቀበል ሰው። "ሂድ ወደዚያ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ "ደህና ነህ አይደል?" አለ። ደህና ነኝ አልኩት። ምን ሆኖ ነው?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ማታ ኔጋቲቩን ነቅዬ አደርኩ። ጠዋት መለስኩት።

አልተነሳም።

ባባ በጠዋት ልብሱ፣ ሻዩን ይዞ ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሹፍ ጀውሀር። መጀመሪያ ሰያራው ይስተካከል። ከዚያ ስለ ኢጃዛ እናወራለን። መኪና የማይጠብቅ ሾፌር ይዤ ምን አደርጋለሁ?"

ሺ ጊዜ "ሀዲር ባባ"፣ እሺ ባባ፣ ብያለሁ። ዛሬም አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ይህ ባትሪ እማየን እንዳላይ ሊያደርገኝ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከሰዓት ሳልተኛ ቀርቼ ሳስብ ዋልኩ። ሌሊት ተነቅሎ አድሮ ጠዋት ባዶ ከሆነ... ሌሊት አይደለም የሚያልቀው። ስነቅለው ባዶ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ልጆቹን ሳደርስና ስመልስ ይሞላል። ስለዚህ እኔ ካቆምኩት በኋላ፣ ሳይመሽ ነው።

እኔ ስተኛ ነው የሚያልቀው።

በሽር ጋ ደውዬ ይህንን ነገርኩት። ጎበዝ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ።" ጉሮሮውን ጠራረገ። "ሰማህ፣ ዓርብ ሳምንት ኡም ጉዋይሊና፣ ቤቴ አምጣት። እዚያው በር ላይ አያታለሁ። እስከዚያ አትነካካት።"

"ዓርብ ሳምንት ድረስ ባባ ያባርረኛል እኮ።"

"አያባርርህም። አብሽር።"

እሱ ምን ቸገረው።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ገበያ ወጥቼ ለእማየ ብርድ ልብስ ገዛሁ። ወፍራሙን፣ ባለ ሁለት ፊቱን፣ ቡና ዓይነት። ቢስቲማ በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻጩ "ለሁለት ሰው ይበቃል" አለኝ። ለአንድ ሰው ነው አልኩት።

ለፀዳለ አሳየኋት። እጇን አላወጣችም፣ ሳሙና ነው አለች። "ያምራል ጋሽ ጀውሀር" ብላ ወደ ልብስ ማስጫው ወጣች። ልብስ አልነበረም፣ ጠዋት ነው የሰበሰበችው። ሰው ሁሉ ምን ነክቶታል?

አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ቦታ በላብኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

አገኘሁት።

ምሳ በላሁ፣ ክፍሌ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። በሬን ዘጋሁ፣ እንደሁልጊዜው ድምፅ እንዲሰማ አድርጌ። አልተኛሁም። የቁልፉ ሚስማር ቅጭል አለ። ቆይቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ፀዳለ መሪው ላይ ተቀምጣለች። መስኮቱ ዝግ። ቁልፉ በርቷል፣ ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ላይ ቀያይ መብራቶች ሁሉ በርተዋል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑ እስከ መጨረሻው ይነፋል። ስልኳ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቷል። ታወራለች። ምን እንደምትል አይሰማም፣ እጇ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከሰው ጋር የምትከራከር ነው የምትመስለው። ታለቅሳለች።

መስኮቱን መታሁ። ስልኩ ከእጇ ወደቀ።

"አንቺ ነሽ!"

"ጋሽ ጀውሀር..."

"ይኼን ሁሉ ሰሞን አንቺ ነሽ? ባባ እኔን ሌባ እያስመሰለኝ?"

"ሞተሩ የበራ መስሎኝ ነው። አየር ሲመጣ... ሞተሩ የሚሠራ መስሎኝ።"

"ማነው የምታወሪው?"

"ቤት ነው።"

"ኩሽና ውስጥ አይወራም? የግድ መኪና? የግድ የኔ መኪና?"

ስልኩን ከመቀመጫው ሥር አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ እንዳላየው።

ወዳጅ ይዛለች ብዬ አሰብኩ። ተናደድኩ። ስንት ጊዜዬ ነው ከተናደድኩ! እንዲህ አልኳት፣ እዚህ እጽፈዋለሁ፦ "እናቴን እንዳላይ ልታደርጊኝ ነው ወይ? እናት የለሽም አንቺ?"

በሻሿ አፏን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

በአንድ ጊዜ ተነሳ። ባባ "ምን ነበር?" አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ያደርኩት ነው፦ ፀዳለ ናት እለዋለሁ፣ ኢጃዛዬን አገኛለሁ፣ አለቀ። አፌን ስከፍት "ፊውዝ ነበር ባባ" አልኩ። ብነግረው በማግስቱ መክተብ፣ ወዳስቀጠራት ቢሮ፣ ይመልሷታል፣ ከዚያ ማን ቤት እንደምትወድቅ አይታወቅም። ምኔ ናት ብዬ እንደዋሸሁ ግን አላውቅም።

"ኸላስ። ታኅሣሥ ትሄዳለህ።"

ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ልጆቹ ቀበቶ አላሰሩም ነበር፣ እሰሩ አልኳቸው፣ ሄድን።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ተነሳ። ፀዳለ ምሳዬን ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች። ሥጋው አሁንም ይበዛል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

በሽር ደወለ። "ነገ እንዳትቀር።" መኪናው ድኗል፣ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ አልኩት። "ቢሆንም ና። ከጁምዓ በኋላ። ምሳ እኔ ጋ ነው።"

ፈታህ ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም የሚጻፍ ነገር የለም፣ ግን ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብያለሁ።

ኡም ጉዋይሊና፣ የበሽር ሕንፃ ሥር መኪናውን አቆምኩ። በሽር ደረጃው ላይ ይጠብቀኛል። ጀለቢያ ለብሷል። "ቴስተርህስ?" አልኩት። "ይደረስበታል፣ ግባ መጀመሪያ።" ኮፈኑን ዘወር ብሎም አላየው።

በሩ ላይ ጫማ ሞልቷል። በጣም ብዙ ጫማ። የሴትም አለ፣ የፀዳለ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ዳር ላይ።

"ስልክህን እስቲ አንዴ" አለኝ በሽር።

ያን ጊዜ ገባኝ። አምና የጓደኛችን የክፍሌ አባት አርፎ ክፍሌን ስናረዳ ስልኩን በር ላይ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ነው የምናደርገው፦ ስልኩን ትቀበላለህ፣ ከአገር ቤት ሰው ደውሎ እንዳይቀድም። እንዲቀመጥ ታደርጋለህ። ያበላኸው እንደሆነ ጥሩ ነው። በሥራ ቀን አይነገርም፣ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ያን ዕለት ክፍሌ "ስልኬን ምን ልታደርገው?" ብሎኝ ነበር፣ እየሳቀ።

እኔ አልጠየቅሁም። ስልኬን ሰጠሁት። ጫማዬን አወለቅሁ። "እማየ ናት?" አልኩ።

ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሼኽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

መስከረም 29 ነው ያረፈችው። በአንድ ቀን ሕመም። ወር ሞላት። እኔ ስለ ባትሪ ስጽፍ፣ ብርድ ልብስ ስመርጥ፣ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ፈታህ "አገሩ ገብቶ በዘመድ መሃል ይስማ፣ እዚያ ብቻውን ምን ይሆናል" አለ። በሽር "ሻንጣ ሙሉ ስጦታ ይዞ እየሳቀ አውሮፕላን ሊወርድ ነው?" አለ። ፀዳለ ናት መሃል የገባችው፣ ከሰዓት ከሰዓት አንዴ ለፈታህ አንዴ ለበሽር እየደወለች። ኩሽና ውስጥ እንዳታወራ ግድግዳው አንድ ነው። ማዳም ስትተኛ፣ እኔ ስተኛ፣ ከሁለታችንም የሚሸሸግ በር ያለው ነገር መኪናው ብቻ ነበር።

"ፋኑ ሲነፋ በስልክ ይሰማኝ ነበር" አለኝ በሽር። "ሳይመሽ ነው የሚያልቀው ብለህ የደወልክ ዕለት ነው የገባኝ። ምን ልበልህ? ዝም አልኩ።"

ብርድ ልብሱን ያየች ዕለት ፀዳለ ለፈታህ "ከዚህ በላይ አልችልም" ብላው ነበር። እኔ የያዝኳት እሑድ ዓርብ ይሁን እያለች ስትለምነው ነው። እሺ ያለው በማግስቱ ነው።

ሰው አለቀሰ። ክፍሌ እንኳ አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ሩዝ ቀረበ፣ በላሁ። ጨው አንሶት ነበር። እናቱ የሞተችበት ሰው ጨው ያያል?

ፀዳለ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ነበረች፣ ጥቁር ተከናንባ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆምኩላት። እሑድ ያልኳትን ማንሳት ፈለግሁ። "አትናገር ጋሽ ጀውሀር። አላወቅህም" አለች።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ልጆቹን አደረስኩ። መለስኩ። መኪናው ደህና ነው።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ተነሳ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ፀዳለ የእማየን ሞት ለማዳም ነግራለች። ባባ መኝታ ክፍሌ ድረስ መጣ፤ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። የሚቀመጥበት አጥቶ ቆመ። አላህ ይርሐማት አለ፣ የእሱም እናት ባለፈው ረመዷን እንደሄደች ነገረኝ። እኔ ነበርኩ ሰዎቹን ወደ መቃብሩ በመኪና ያደረስኩት፣ ረስቶታል።

"ብትፈልግ ነገ ሂድ።"

"ታኅሣሥ ይሁን ባባ።"

ለማን ብዬ እቸኩላለሁ? ቀብሩ አልፏል። የሚጠብቀኝ ላሚቱና ወይፈኑ ነው። ብርድ ልብሱን ለፈታህ ሚስት እሰጣለሁ... ወይም አልሰጥም። አልጋዬ ሥር አለ፣ ስተኛ እግሬ ይነካዋል።

እስካሁን አላለቀስኩም። በሽር "ያዝከው፣ አትያዘው" ይለኛል። የያዝኩት ነገር የለም። እጄ ባዶ ነው፣ ደንዝዟል እንጂ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ከሰዓት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእማየን ድምፅ ክፍሌ ውስጥ ልሰማ ከፈትኩ። ከግድግዳው ወዲያ ፀዳለ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። እየሰማች ነው። ዘጋሁት። በዚህች ልጅ ላይ ደግሞ ይህን አልጭንም።

ቁልፉን ከሚስማሩ አነሳሁ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ነጩ መኪና አልነሳም አለ። ቸክ ቸክ... ዝም። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ያዩኛል።

ከጎረቤት ኬብል አመጣሁ። ፀዳለ ሳልጠራት ከኩሽና ወጥታ ኮፈኑን ደግፋ ያዘችልኝ። አላየችኝም፣ እኔም አላየኋትም። ባባ ሻዩን ይዞ መጣ።

"ፊውዝ አላልክም?"

"ፊውዝ አይደለም ባባ።"

"ከሰዓት መኪናው ውስጥ ትቀመጣለህ?"

ያው ጥያቄ። ፀዳለ ኮፈኑን እንደያዘች አንገቷን አቀረቀረች፣ እሷን አሳልፌ የምሰጣት መስሏት።

"አዎ ባባ፣ እቀመጣለሁ። የእናቴ ድምፅ ስልኬ ላይ አለ። በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው የምሰማው። በልተሃል ወይ ትለኛለች።"

በዐረብኛ ነው የተናገርኩት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከ"ሀዲር" በቀር ብዙም ባልተናገርኩበት። ልጆቹ ፊት፣ ቀዩን ኬብል እንደያዝኩ፣ አለቀስኩ። ረጅም ለቅሶ ነው። ትምህርት ቤት ረፈደ።

ባባ ሻዩን ግንቡ ላይ አስቀመጠ። ኬብሉን ከእጄ ወስዶ ራሱ ገጠመው፣ ቁልፉን ራሱ አዞረ። ሲነሳ ከመኪናው ወረደና በሩን ያዘልኝ።

"ከእንግዲህ" አለኝ፣ "ሞተሩን አስነስተህ ስማ።"